ዑስማኒያ የተባለችው ቅጠል

[ሮቤ፣ የኦቦ ጉቱ ግቢ። ጥቅምት፣ እሑድ ጠዋት። ሁለት ተከራዮች ጓሮ ውስጥ ይሟገታሉ። አንዱ ዑስማን ነው፤ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣል፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ ይህንን ያልነገረው ሰውም ሮቤ ውስጥ የለም። ሌላው መምህር ክብሩ ነው፤ ከደብረ ታቦር መጥቶ ሒሳብ ያስተምራል፤ ንግግሩ ዳገት የያዘ የጭነት መኪና ነው፣ መድረሱ አይቀርም ግን ታግሶ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል። ክብሩ ዶማ አንስቷል። ዑስማን እጁን ይዞታል። በመሃላቸው እስከ ጉልበት የምትደርስ አንዲት ለምለም ተክል ቆማለች።]

ዑስማን፦ ዶማውን ልቀቅ።

ክብሩ፦ አንተ ነህ እኮ የያዝከው።

ዑስማን፦ እኔ የያዝኩት እጅህን ነው። ዶማውን የያዘው እጅህ ነው። አንተ ዶማውን ልቀቅ፣ እኔ አንተን እለቃለሁ።

ክብሩ፦ ዑስማኔ፣ ዛሬ መቆፈር አለብኝ። መጸዳጃው ሞልቷል፣ የመቆፈሩ ተራ ደግሞ የኔ ነው። ኦቦ ጉቱ ከሰዓት ከጎባ ይመጣሉ። አዲሱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ካላገኙት ቤቱን ትለቃለህ ብለውኛል። ባለቤቴ ሊሊ ስንት ጊዜ ስትለምን ኖራ ዝውውሯ ገና አሁን ጸደቀላት። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃችንን ይዛ ልትመጣ ነው። መናኸሪያ ነው እንዴ የማሳድራቸው?

ዑስማን፦ ቆፍር። ማን አትቆፍር አለህ? እዚህ ብቻ አትቆፍር።

ክብሩ፦ ቆፍር ያሉኝ እዚሁ ነው።

ዑስማን፦ እዚህ ተክል አለ።

ክብሩ፦ እሱን ልነግርህ ነው እኮ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኦቦ ጉቱ ክረምት ሳይገባ አንድ...

ዑስማን፦ ኦቦ ጉቱ ስለ ከብት ይጠየቁ። ስለ ስንዴ ይጠየቁ። ስለ ቅጠል የሚጠየቀው እኔ ነኝ። በኔ ሱቅ ያላለፈ ቅጠል ባሌ ውስጥ የለም። ይቺን ግን አየሃት? አላውቃትም።

ክብሩ፦ ካላወቅካት ታዲያ...

ዑስማን፦ እኔ ካላወቅኳት ማንም አያውቃትም ማለት ነው። ማንም ካላወቃት ደግሞ አዲስ ግኝት ናት። ሒሳብ ነው እኮ። አንተ የሒሳብ መምህር አይደለህ?

ክብሩ፦ መሃል ላይ የተዘለለ መስመር ያለ ይመስለኛል።

ዑስማን፦ ለተማሪዎችህ ተወው። እኔ ልጠይቅህ፣ አንተ ብቻ መልስልኝ። ይቺን አንተ ዘርተሃታል?

ክብሩ፦ አልዘራኋትም።

ዑስማን፦ እኔ ዘርቻታለሁ?

ክብሩ፦ አልዘራሃትም።

ዑስማን፦ ኦቦ ጉቱ ዘርተዋታል?

ክብሩ፦ መዝራት እንኳን አልዘሯትም፣ ግን...

ዑስማን፦ በቃ። ማንም አልዘራትም። ራሷ መጣች። ከየት? ከሃረና ጫካ።

ክብሩ፦ ሃረና ከዚህ እኮ ሩቅ ነው። ሳነቴን ወጥታ፣ ሳነቴን ወርዳ፣ ጎባን አልፋ...

ዑስማን፦ በእግሯ መጣች አላልኩህም። ከሃረና፣ ከሪራ ማር የሚያመጣው መኪና በዚህ አይደል የሚያልፈው? ከማሩ ጋር ንብ ትመጣለች። ንቧ እግር ላይ ዘር አለ።

ክብሩ፦ ንብ ይሄን ሁሉ መንገድ መኪና ተሳፍራ መጥታ፣ እኛ መጸዳጃ አጠገብ ወረደች?

ዑስማን፦ አንተስ ከደብረ ታቦር መጥተህ እዚሁ አይደል የወረድከው?

[ክብሩ ዶማውን ወደ ላይ ያነሳል።]

ክብሩ፦ ለማንኛውም አረም ናት።

ዑስማን፦ ተው። ልትቆርጣት ስላሰብክ ነው አረም ያልካት። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል አሉ። አስቀምጠው ዶማውን። ይልቅ ጎንበስ ብለህ እያት። ምን ይታይሃል?

ክብሩ፦ (ጎንበስ ብሎ) አናቷ ጠፍጣፋ ነው። የተቀጠቀጠ ይመስላል። ቅጠሉ የወጣው ከጎንና ከጎኗ ነው።

ዑስማን፦ በረዶ ነው የቀጠቀጣት።

ክብሩ፦ በረዶ ከጓሮው ጎመን ሁሉ እሷን ብቻ መርጦ?

ዑስማን፦ በረዶ የሚመታው ቀና ያለውን ነው። አንተ አጎንብሰህ ስለምትሄድ አታውቀውም። ሌላስ?

ክብሩ፦ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ፌስታል አለ።

ዑስማን፦ እሱ ነው እኔንም ያስገረመኝ። ነፋስ ያመጣው ፌስታል ይንጠለጠላል እንጂ አይቋጠርም። ይሄ ተቋጥሯል።

ክብሩ፦ ደግሞ ሁለቴ ነው የተቋጠረው።

ዑስማን፦ ስለዚህ?

ክብሩ፦ ስለዚህ ሰው...

ዑስማን፦ ስለዚህ ራሷ ናት የቋጠረችው። ሐረግ ያገኘው ላይ ይጠመጠም የለ? ይቺ ደግሞ ፌስታል ትይዛለች። አካባቢ የምታጸዳ ተክል። ወላሂ፣ መናኸሪያው ዙሪያ ብትዘራ ሮቤ ትጸዳ ነበር።

ክብሩ፦ ዑስማኔ፣ አንድ ነገር ልናገር፣ ሳታቋርጠኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኦቦ ጉቱ መዶሻ ይዘው...

ዑስማን፦ መዶሻ ምን ያደርግልናል? የሚያስፈልገን ስልክ ነው። (ስልኩን ያወጣል) ይሄውልህ መተግበሪያ። ፎቶ ታነሳለህ፣ የቅጠሉን ስም ከነዘር ማንዘሩ ይነግርሃል። (ያነሳል፤ ይጠብቃል) እህ።

ክብሩ፦ ምን አለ?

ዑስማን፦ "እንጨት" ይላል።

ክብሩ፦ ልክ ነው እኮ፣ እንጨት...

ዑስማን፦ ኔትወርኩ ነው። ደመና ሳነቴ ላይ ሲተኛ ይሄ ስልክ ሁሉንም ነገር እንጨት ነው የሚለው። ቆይ፣ በዚህ በኩል ላንሳት። (ያነሳል) አሁን ደግሞ "ዱላ" አለ። ይሳደባል ጭራሽ።

ክብሩ፦ ምናልባት ስልኩ የሚያውቀው ነገር ካለ...

ዑስማን፦ ቀጥ በል እስቲ፣ አንተን ላንሳህና እንፈትነው። (ያነሳል፤ ይጠብቃል፤ ያነባል) "ድንች" ይላል።

[ዑስማን ስልኩን አይቶ ክብሩን ያየዋል።]

ዑስማን፦ ሙሉ በሙሉ እንኳን አልተሳሳተም። ለቅጠል ግን አይሆንም። ምላስ ነው የሚሻለው። ቅመሳት።

ክብሩ፦ ለምን እኔ?

ዑስማን፦ እኔ ምላሴ በቅመም ተሞልቷል፤ የቀመስኩት ሁሉ ወደማውቀው ይወስደኛል። ያንተ ምላስ ንጹሕ ነው፣ ምንም አያውቅም።

ክብሩ፦ መርዝ ብትሆንስ?

ዑስማን፦ እሱንም እናውቃለን ኢንሻአላህ። ዕውቀት ነው።

[ክብሩ የቅጠሉን ጫፍ ቆርጦ በፊት ጥርሱ ብቻ ያኝካል። ዑስማን የልብ ምቱን ይይዛል፤ የያዘው ግን የራሱን ነው።]

ዑስማን፦ ምን ይሰማሃል?

ክብሩ፦ ምሬት።

ዑስማን፦ ሌላ።

ክብሩ፦ ረሃብ።

ዑስማን፦ አልሐምዱሊላህ። የምግብ ፍላጎት ትከፍታለች።

ክብሩ፦ ቁርስ አልበላሁም እኮ።

ዑስማን፦ እሱን ማንም አይጠይቅህም። ሌላስ? እግርህስ? እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል?

ክብሩ፦ ዶማውን ሳየው ይለኛል።

ዑስማን፦ ለእንቅልፍም ትሆናለች። ሱብሃነላህ፣ አንድ ቅጠል ስንት ነገር። መምህር፣ ይቺ ስም ይገባታል። "ዑስማኒያ" ብያታለሁ። ነገ ሲናና፣ እርሻ ምርምር ማዕከሉ ሄጄ ለተመራማሪዎቹ እነግራለሁ። መጥተው ያጥሯታል፣ ሰሌዳ ያቆሙላታል። ሰው ከአዲስ አበባ ሳይቀር እየመጣ አጠገቧ ፎቶ ይነሳል።

ክብሩ፦ የኔስ ስም የለበትም? የቀመስኳት እኔ ነኝ።

ዑስማን፦ አንተ ከሥር በትንሽ ጽሑፍ ትገባለህ። "ሊቆርጣት የነበረው ሰው" ተብለህ።

ክብሩ፦ እሺ፣ እሷ ትቆይ። እኔ ፈንጠር ብዬ እዚያ ልቆፍር?

ዑስማን፦ እዚያ የውሃ ቧንቧ አለ።

ክብሩ፦ እዚያ ማዶስ?

ዑስማን፦ እዚያ ደግሞ ሥሯ ሊኖር ይችላል። ሥሯ የት የት እንደሚሄድ እስኪታወቅ ድረስ ግቢው በሙሉ አይነካም።

[ክብሩ ዶማውን ጥሎ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ይቀመጣል።]

ክብሩ፦ ዑስማን፣ አሁን አልቀልድም። ልጄ መራመድ የጀመረችው በስልክ ነው። እናቷ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እኔ እዚህ አልጋዬ ላይ ሆኜ "ነይ፣ ነይ" እላታለሁ፤ እሷ ወደ ስልኩ ትመጣለች። ይሄ ዩኒቨርሲቲ ከሰፋ ወዲህ ሮቤ ውስጥ ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ኦቦ ጉቱ ደግሞ ያሉትን አያጥፉም። አንተ ለቅጠል ስም ስታወጣ እኔ ቤት የለሽ ልሆን ነው። በጣም ከፍቶኛል።

[ዑስማን ይለሳለሳል። ተክሏን ያያል፣ ክብሩን ያያል፣ መልሶ ተክሏን ያያል።]

ዑስማን፦ ልጅህን እንዲህ አድርገህ ካመጣህብኝ ምን እላለሁ። እሺ። ከነሥሯ ነቅለን እናዛውራታለን፤ ከዚያ አንተ ጉድጓድህን ትቆፍራለህ።

ክብሩ፦ (ተስፈንጥሮ ተነስቶ ዶማውን ያነሳል) እግዜር ይስጥህ።

ዑስማን፦ ቁም። እንደሱ አድርገህ ነው ከነሥሯ የምትነቅላት? ሥሯን ልትበጥሰው ነው። ቅጠል ይዋሻል፣ ሥር አይዋሽም። ዘሯ የሚታወቀው በሥሯ ነው። ዶማ አያያዝህም የእስክሪብቶ ነው። ወዲህ በል።

ክብሩ፦ ኧረ እኔው እቆፍራለሁ።

ዑስማን፦ ወዲህ በል አልኩህ።

ክብሩ፦ ትደክማለህ ብዬ ነው።

ዑስማን፦ ለዕውቀት የሚደክም ሰው ያሳዝንሃል?

[ዑስማን ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅላል፤ መቆፈር ይጀምራል። ክብሩ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ዑስማን ተክሏን ወደ ላይ ይስባታል፤ ትወጣለች። ታችኛው ጫፏ እንደተቀረጸ እርሳስ የሾለ ነው።]

ዑስማን፦ (በሹክሹክታ) መምህር።

ክብሩ፦ አቤት።

ዑስማን፦ ጫፏን አየኸው?

ክብሩ፦ አየሁት። በመጥረቢያ የተጠረበ ነው።

ዑስማን፦ በመጥረቢያ? ማን መሬት ውስጥ ገብቶ ይጠርባታል? እሷው ናት የሾለችው። አሁን ገባኝ እንዴት ራሷ እንደመጣች። ከታች ወደ ላይ አልበቀለችም። ከላይ ወደ ታች ወግታ ነው የገባችው።

ክብሩ፦ እሱ ላይ እንኳን እውነትህን ነው። ከላይ ነው የገባችው።

ዑስማን፦ አሁን ገና መስማማት ጀመርክ። ግን ተመልከት፣ ከሹሉ ጎን ቀጫጭን ሥር አለ። እነዚህ ጨቅላ ናቸው። እናትየዋ ሥር ተበጥሳ ታች ቀርታለች። (ጉድጓዱ ውስጥ ይዳብሳል) ይቻትና። ወፍራም። ወደ ታች ትሄዳለች።

ክብሩ፦ እሱ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሥር እንዳይሆን።

ዑስማን፦ አንተ ሥር ስታይ ባሕር ዛፍ ነው የሚታይህ። አካፋውን አቀብለኝ።

[ክብሩ አካፋውን ያቀብላል፤ ተክሏን ባልዲ ውስጥ አቁሞ ይመለሳል። ፀሐዩ ጠንክሯል። ዑስማን ወገቡ ድረስ ገብቷል።]

ክብሩ፦ አሁንም ትሄዳለች?

ዑስማን፦ ትሄዳለች።

ክብሩ፦ ጎን ጎኑን ብታሰፋው ምን ይመስልሃል? ወደ ጎን ቅርንጫፍ ሥር ብትሰድ እንዳታመልጥህ።

ዑስማን፦ (ያስባል) ያስኬዳል።

[ያሰፋል። አሁን የሚታየው ደረቱና ጭንቅላቱ ነው።]

ክብሩ፦ ዑስማኔ፣ ማዕዘኖቹ ግን ጠማማ ሆኑ።

ዑስማን፦ ማዕዘኑ ከሥሩ ጋር ምን አገናኘው?

ክብሩ፦ በየትኛው ማዕዘን እንደምትወጣ በኋላ ለተመራማሪዎቹ ስትነግራቸው፣ ጠማማ ማዕዘን እንዴት ብለህ ታስረዳለህ? ሒሳብ ነው።

ዑስማን፦ አየህ፣ ከኔ ጋር ስትውል ጭንቅላትህ መሥራት ጀመረ። እሺ፣ አስተካክለዋለሁ።

[ያስተካክላል። አሁን ዑስማን አይታይም። ከጉድጓዱ አፈር ብቻ ይወጣል። ክብሩ ዳቦ አምጥቶ እየበላ ነው።]

ዑስማን፦ (ከጉድጓዱ) መምህር፣ አለህ?

ክብሩ፦ አለሁ። አትቸኩል።

ዑስማን፦ ምን ትሠራለህ?

ክብሩ፦ ያቺ ቅጠል የምግብ ፍላጎት ትከፍታለች ያልከው እውነት ነው።

[የብረት በር ይንኳኳል። አከራዩ ኦቦ ጉቱ ገቡ፤ ኮታቸውን ደርበው፣ ዱላ ይዘው። ክብሩ ዳቦውን ደብቆ ይነሳል።]

ኦቦ ጉቱ፦ ነጋ ጅርቱ፣ ክብሩ። የት አለ ጉድጓዱ? አለ ወይስ የለም?

ክብሩ፦ ደኅና ነዎት፣ ኦቦ ጉቱ? ይኸውልዎት።

[ኦቦ ጉቱ ጠርዙ ላይ ቆመው ያያሉ። በዱላቸው ማዕዘኑን ይለካሉ። ፊታቸው እየተፈታ ይሄዳል።]

ኦቦ ጉቱ፦ ገሪዳ። በጣም ጥሩ። እኔ ለማስቆፈር ሰው ቀጥሬም እንዲህ ቀጥ አላለልኝም። በል፣ ለሊሊ ደውል፤ ትምጣ። ልጅቷንም ታምጣ። ቤቱ የናንተ ነው።

ክብሩ፦ (ስልኩን እያወጣ) ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ ጉቱ።

ኦቦ ጉቱ፦ ብቻህን ነው የቆፈርከው?

ዑስማን፦ (ከጉድጓዱ) ማነው ብቻውን የሚለው? እኔ ነኝ ብቻዬን የቆፈርኩት። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ጀሪካን ላይ ነው። ይሄ ይታወቅልኝ።

ኦቦ ጉቱ፦ (ወደ ውስጥ አጎንብሰው) ዑስማን ነህ? እዚያ ምን ትሠራለህ? ተራው እኮ የክብሩ ነው።

ዑስማን፦ እኔ መጸዳጃ አልቆፈርኩም፣ ኦቦ ጉቱ። ሥር ፍለጋ ነው የገባሁት። ግቢዎ ውስጥ ማንም የማያውቃት ተክል በራሷ በቅላለች። ባልዲው ውስጥ ይመልከቷት። እኔ ነኝ ያገኘኋት።

[ኦቦ ጉቱ ተክሏን ከባልዲው አውጥተው ያገላብጧታል። ፌስታሉን ይነካሉ። አናቷን ይነካሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ እየሳቁ ነው።]

ኦቦ ጉቱ፦ ይቺማ ችካሌ ናት። ክብሩ የሚቆፍርበትን ቦታ እንዳይስት ብዬ፣ ጫፏን ጠርቤ በመዶሻ የመታኋት። ፌስታሉንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው እያለ ክረምቱን በሙሉ አቆያትና አቆጠቆጠች። ኮርች ነው እኮ። ኮርች ዝናብ ካገኘ መሬት የገባው ጫፉ ሥር ያወጣል።

ዑስማን፦ (ቀስ ብሎ) ኮርች።

ኦቦ ጉቱ፦ አታውቀውም እንዴ? ጃኬትህን የሰቀልክበት አጥር በሙሉ ኮርች ነው። ይቺንም የቆረጥኳት ከዚያው ነው።

[ክብሩ መሰላል አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ያወርዳል። ዑስማን በአፈር ተለውሶ ይወጣል፤ አጥሩን ላለማየት ጀርባውን ይሰጣል።]

ዑስማን፦ አንተ ታውቅ ነበር?

ክብሩ፦ በመዶሻ ሲመቷት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዑስማን፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ክብሩ፦ አንተ የጠየቅከኝ ስሟን ነው። ስሟን ከየት አውቃለሁ? ለምን እንደቆመች ልነግርህ ስጀምር ደግሞ አላስጨረስከኝም።

ዑስማን፦ በኋላስ? እዚያ ታች ሆኜ አፌን ዘግቼ ስቆፍርስ?

ክብሩ፦ ያኔማ ለዕውቀት እየደከምክ ነበር። ማቋረጥ ነውር ነው።

ኦቦ ጉቱ፦ በሉ ተዉት፣ ዋናው መቆፈሩ ነው። ዑስማን፣ ቀጣዩ ተራ ያንተ ነው። የቆሻሻ ጉድጓድ ያስፈልገናል፣ እዚያ ከአጥሩ ጥግ።

ዑስማን፦ ኦቦ ጉቱ፣ ይሄው አሁን ቆፈርኩ እኮ።

ኦቦ ጉቱ፦ መጸዳጃ አልቆፈርኩም፣ ሥር ፍለጋ ነው አላልክም? በገዛ አፍህ ነው የተናገርከው። ተራህ አልተነካም። ቦታውን አሁኑኑ ላሳይህ።

[ኦቦ ጉቱ ዑስማኒያን ይዘው ወደ ጥጉ ይሄዳሉ። ቅጠሎቿን አንድ በአንድ ይመለምላሉ፤ ድንጋይ አንስተው አናቷን መምታት ይጀምራሉ። ዑስማን ድንጋዩ ባረፈ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወደ ክብሩ ጠጋ ይላል።]

ዑስማን፦ መምህር፣ ወንድሜ። ያቺኛዋን ታግዘኛለህ አይደል?

ክብሩ፦ እሷንማ እኔ አውቃታለሁ። የማያውቃት ሰው ፈልግ።